ልጆቹን ከሥራ አታፈናቅሉብን

የቤት ለቤት ቆሻሻ መሰብሰብ ከሰብሳቢዎቹ ማህበራት ወጥቶ ለአንድ የግል ኩባንያ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ አነበብኩት። በፍጹም አልስማማም። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ መኪና በማይገባበት ቅያስ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማህበሩ ልጆች ጋሪያቸውን አስፋልቱ ዳር አቁመው ይገባሉ፤ ማዳበሪያውን በትከሻቸው ተሸክመው ይወጣሉ። ጎረቤቴ እማማ አቅም ስለሌላቸው ጓዳ ድረስ ገብተው ያወጡላቸዋል። ሃይላንዱን ለይተው ይሸጣሉ፤ ያቺ ሳንቲምም ትደጉማቸዋለች። ኩባንያ ሲመጣ እነዚህ ልጆች የት ይሂዱ?

ኩባንያ ካላተረፈ አይሠራም፤ አይፈረድበትም። ትርፉ ግን የሚመጣው ወይ ከእኛ ክፍያ ወይ ከሠራተኛው ደመወዝ ነው። ክፍያው ደግሞ ከውሃ ቢል ጋር ስለሚመጣ አልከፍልም ማለት አይቻልም።

ማህበራቱ እንከን የለባቸውም አልልም። አንዳንዴ ቀን ይዘላሉ። ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ የሚከርመው ግን የሚያነሳው መኪና ስለሚዘገይ ነው። መጀመሪያ ጓንት፣ ማስክና ደህና ጋሪ ስጧቸው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው አልቋል። ከቆሻሻ ጋር የሚኖር ሰው ምን ያህል እንደተረሳ ያኔ አይተናል። አሁንም ሳይጠየቁ እንዳይወሰንባቸው። ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት በየወረዳው ስብሰባ ይጠራ፤ ሰብሳቢዎቹም እኛም እንናገር።