ጥቁር ሲፈለግ እኔ ነኝ የምጠራው

እዚህ አሜሪካ በማስተምርበት ሕክምና ትምህርት ቤት አዲስ ብሮሹር በወጣ ቁጥር ፊቴ አለበት። ነጭ ጋውን አልብሰው፣ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥለው «ፈገግ በይ» ይሉኛል። እኔ እኮ የላቦራቶሪ መምህር ነኝ! ስቴቶስኮፑን ከጎረቤት ክፍል ነው የሚዋሱልኝ።

ፎቶውስ ይሁን። የብዝኃነት ኮሚቴ ሲቋቋም እኔ፣ አመልካች ቃለ መጠይቅ ሲደረግ እኔ፣ የከፋው ጥቁር ተማሪ ሲመጣ አባባይ እኔ። ጥቂት ስለሆንን ሁሉም እኛው ላይ ይወድቃል። ክፍያ የለውም፣ ለማዕረግ እድገትም አይቆጠርም። እኔ ስብሰባ ላይ ስውል ባልደረባዬ ጥናቱን ጽፎ ያሳትምና ፕሮፌሰር ይሆናል። ደግሞ «እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል ይልኩልኛል፤ ኧረ ተዉኝ!

ጉዳዩ ራሱ ግን ተራ አይደለም። በ1910 ፍሌክስነር የሚባል ሰው የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ገምግሞ ሪፖርት አወጣ። ከዚያ በኋላ ጥቁሮችን ከሚያስተምሩት ሰባት ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ። የቀሩት ሃዋርድና ሜሃሪ ናቸው። የወሎው ተወላጅ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሐኪም ሆኖ የወጣው ከዚያው ከሃዋርድ ነው። ዛሬም ጥቁር አሜሪካዊ ከሕዝቡ 13 በመቶ ያህል ሆኖ ከሐኪሙ ግን 6 በመቶ ገደማ ነው። እሱም እንደኔ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ደምረው ነው። በሩ የተዘጋው በሌላው አያት ላይ፣ ቁጥሩ የሚሞላው በእኔ!

ነገሩ ሕመምተኛው ጋም ይደርሳል። ጣት ላይ የሚሰካውን ኦክስጅን መለኪያ ታውቁታላችሁ። በ2020 የወጣ ጥናት መለኪያው የኦክስጅን እጥረትን ጥቁር ሕመምተኛ ላይ ከነጩ ሦስት እጥፍ ገደማ አብልጦ እንደሚስት አሳየ። ስንት ዘመን ሲሠራበት ኖሮ! በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪ ሲመረጥ ዘር አይታይ ብሎ ወሰነ። ኮሚቴያችን ስሙን ቀየረ። እኔን ግን አልቀየረኝም።

ይህን ሁሉ ደሴ ላለው ወንድሜ ሳወራው ይስቃል። «አብሽሪ እታለም፣ እኛ ዘንድ ሐኪሙም በሽተኛውም ጥቁር ነው» ይለኛል። እሺ ይሁን። ባለፈው አገር ቤት እናቴን ሆስፒታል ይዤ የሄድኩ ጊዜ ያየሁትንስ? ከባቲ ወዲያ የመጣች አንዲት የአፋር እናት ሐኪሙ ፊት ተቀምጣለች። እሱ አማርኛ፣ እሷ አፋርኛ። በመሃል የበሩ ጥበቃ ተጠራ። ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ስለ ወር አበባዋ ይጠይቃታል። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ወለሉን እያየች አንድ ቃል መለሰች። እሱ «ደህና ነኝ ትላለች» አለ። ሐኪሙም ጻፈ።

ባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም እየተግባባ ይገበያያል። ሆስፒታል ሲደርስ ምን ነካን? ለታዳጊ ክልል ተማሪ የመግቢያ ነጥብ ስንቀንስ ኖረናል፣ ጥሩ ነው። ተመርቆ የት ደረሰ፣ ማንን ያክማል፣ ማንን ያስተምራል የሚለውን ግን ማን ይከታተላል?

ስወጣ አንዱን ኃላፊ አስተርጓሚ ለምን አትቀጥሩም አልኩት። «በጀት የለም፣ ደግሞ ጥበቃው አለ» አለኝ። ጥበቃውን ለዚህ ይከፈልሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።