መሃል ማለት 128 አይደለም!

ቆሽቴ አሯል። አሁን ቤት መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስቱዲዮ ውስጥ የቪዲዮ ቀለም የምናይባትን ያቺን አዲሷን ሞኒተር ታውቋታላችሁ። 2 ቀን ሙሉ እሷን ካሊብሬት ሳደርግ፣ ማለትም ቀለሟን እየለካሁ ሳስተካክል ነው የከረምኩት። ትናንት ማታ ነጩ በቀለም ካርታ ላይ ቦታው የሆነው 0.3127፣ 0.3290 ላይ ቁጭ ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ዛሬ አለቃዬ «እስቲ አንድ ነገር ላረጋግጥ» ብለው ላፕቶፓቸውን ሰኩ። ራሳቸው በኤክሴል ያሰሉት የሳቹሬሽን ታርጌት አላቸው፤ ቀለም ከነጭ ምን ያህል እንደራቀ የሚለካበት ፓተርን ነው። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 የሚሄዱ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ኮዶች ናቸው። ግማሽ ቀይ፦ 255፣ 128፣ 128። ግማሽ አረንጓዴ፦ 128፣ 255፣ 128። ሰማያዊውም እንደዚያው። በቃ፣ ስሌቱ ይሄ ነው።

ለኩ። 50 በመቶ መሆን ሲገባው ቀዩ 47 በመቶ ገደማ ወጣ። አረንጓዴው 62፣ ሰማያዊው 63። ደንበኞቹ ከኋላችን ቆመዋል።

«አየሽ? ቀዩ ደህና ነው። አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አበላሽተሻቸዋል።»

«ሞኒተሯ ምንም አልሆነችም። ፓተርኑ ነው የተሳሳተው» አልኳቸው።

«የ255 ግማሽ ስንት ነው?»

«128 ነው፤ ግን የብርሃኑ ግማሽ…»

«የኔ እህት፣ መሃል ማለት መሃል ነው። ይሄ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፋች። ከሳቁ ይልቅ እሱ ነው አንጀቴን የበላው። «የኔ እህት» ደግሞ! እህት እስክትጨርስ ትሰማለች እንጂ ሰው ፊት አፏን ትያዛለች እንዴ?

እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። 128 ቁጥር ነው እንጂ ብርሃን አይደለም። ጋማው (ኮዱን ወደ ብርሃን የሚቀይረው ስሌት) 2.4 በሆነ ስክሪን ላይ 128 የሚሰጣችሁ ብርሃን ከሙሉው 19 በመቶ ብቻ ነው። ግማሽ ሳቹሬሽን ማለት ደግሞ በ1931ዱ (እ.ኤ.አ.) የቀለም ካርታ ላይ ከነጩ ተነስታችሁ ወደ አረንጓዴው ስትሄዱ የመንገዱ እኩሌታ ነው። የሬክ 709 (የኤችዲ ቪዲዮ የቀለም ደረጃ) አረንጓዴ 0.300፣ 0.600 ላይ ነው። ስለዚህ እኩሌታው ላይ ዋዩ፣ ማለትም ሁለተኛው ቁጥር፣ 0.4645 ይሆናል። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ በብርሃን ታሰላላችሁ፤ ከዚያ ነው ወደ ኮድ የምትመልሱት። ለአረንጓዴ የሚወጣው 150፣ 255፣ 150 ነው። ለሰማያዊ 151። ለቀይ 123። 123 ለ128 ስለሚቀርብ ነው ቀዩ «ደህና» የመሰላቸው! በአጋጣሚ ነው የተቃረበው! ይቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመናገር 1 ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ደግሞ ዛሬ ብቻ መሰላችሁ? ባለፈው ወርም አንዱ «የኔ ሶፍትዌር የግማሽ ቀይ ኤክስ 0.485 ነው ይላል፣ አንቺ 0.476 ከየት አመጣሽ?» ብሎ ስቱዲዮውን አናወጠው። የሱ መሃሉ ሌላ ቦታ በሚውልበት በ1976ቱ ካርታ የተሰላ፣ የኔ በ1931ዱ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ታርጌቱና ልኬቱ በአንድ ካርታ ይሁኑ እንጂ። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀኔ ሄደ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሞኒተሯ እስክትሞቅ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ «ምን ትጎለቻለሽ?» እባላለሁ። ቀዝቃዛ ስክሪን ለክቼ ምን ላድርገው?

ብቻ፣ አረንጓዴውን ቀንሺ ተባልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ቀነስኩ። የሰርጉ ቪዲዮ ተከፍቶ ነበር። የሙሽራዋ እናት ቀሚስ ጥለቱ ላይ ጠዋት እያንዳንዱ አረንጓዴ ክር ለብቻው ይታይ ነበር፤ ደማቁ ከፈዛዛው ተለይቶ። ከቀነስኩ በኋላ ያደረ ጎመን መሰለ። አሁን ኤዲተሩ «ቀለም አንሶታል» ብሎ ይጨምርበታል። የጨመረው እናትየው ቤት ቲቪ ላይ ሲታይ ይጮሃል። ያኔ ማን እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ስንት ወር ተጠብቆ፣ በስንት ድካም የተሸመነ ጥለት ነው እኮ! የሰው ደስታ ነው!

የትናንቱን ካሊብሬሽን በፍላሽ ይዤው ወጥቻለሁ። እሳቸው 3 ሰዓት ነው የሚገቡት። ሞኒተሯ መሞቅ ስላለባት እኔ 2 ሰዓት ላይ እገኛለሁ።