የዛፍ ሥር ከጥላው አያልፍም? እንዴታ፣ ያልፋል!

«ሥሩ ከቅርንጫፉ ጥላ አያልፍም፤ ግራቪሊያውን ከግድግዳው 2 ሜትር አርቀህ ትከል» ብለህ ለገጣፎ ቤት ለሠራው ልጅ የመከርከው ልክ አይደለም፣ ወንድሜ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ነገር ግን ሥር ከጥላው ጠርዝ ሁለትና ሦስት እጥፍ ርቆ ሊሄድ ይችላል። ወደ ታችም እንደሚወራው አይጠልቅም፤ አብዛኛው የሚገኘው ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። የውሃ መስመር ሲቆፈር ጎንበስ ብለህ እይ፤ ጣት የሚያህሉ ሥሮች ከሣሩ በታች በአግድም ተዘርግተው ታገኛለህ።

ደግሞ ሥር ደህናውን መሠረት ሰንጥቆ አይገባም፤ የሚፈልገው ቀድሞ የተሰነጠቀውን ወይም ውሃ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ነው። በለገጣፎ በኩል ዋናው ጣጣ ጥቁሩ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ይኮማተራል። ትልቅ ዛፍ ውሃውን ሲመጥበት ይብስና መሠረቱ ይሰምጣል። ባህር ዛፍማ አይነሳ!

ለጠባብ ግቢ ግራዋ ይሻላል። ቁመቱ መጠነኛ ነው፣ ቢገረዝም ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉ የጠላ ጋን ማጠቢያ መሆኑ ምርቃት ነው። ትዕግሥት ካለው ወይራ፣ ያውም ራቅ አድርጎ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በየት በኩል እንደሆነ ግን አስቀድመህ ጠይቀው።