እግር የታጠብንበት ውሃ

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ በተለይ እኛ ደጋ ያደግን። ነገሩ ከሆነ ወር አልፎታል፣ ከኔ ግን አልወጣ አለ።

ወደ ሰመራ ስንሄድ ገዋኔን አልፈን ሚሌ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወዲያው አንድ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው የአፋር ልጅ ከግራር ስር ተነስቶ ሁለት ግልገል እየነዳ መጣና "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" አለ። (በረሃ ላይ የሚለመን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ስሙ በእንግሊዝኛ "ደጋ" ማለት መሆኑ ራሱ ይገርመኛል።) አንዱ ጎረምሳ ተሳፋሪ ሁለት ሊትሩን ከፈተና መጀመሪያ ስኒከሩን ከዛ እግሩን ታጠበበት፣ ልጁ እያየው፣ ውሃው አስፋልቱን ሲነካ ይተናል። ሲጨርስ "እዚህ እሳት ውስጥ ምን ጎለታችሁ፣ ለምን ደጋ አትወጡም?" አለው። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አዎ እኔም፣ ግማሽ ሊትር ውሃ በእጄ ይዤ።

ረዳቱ ነው ከጀሪካን ቀድቶ የሰጠው። ልጁ ጠብታ ሳይቀምስ በመዳፉ እያደረገ ለግልገሎቹ አጠጣ፣ ይሄኔም የሳቀ ነበር! ፍየሏ ከሞተች ወተት የለም እኮ፣ ወተት ከሌለ እሱ ራሱ የለም። ይሄን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያውቃል፣ ዲግሪ የጫነው አውቶብስ አያውቅም።

እኛ ዝናብ ሲቀር ሰማይ ሰማይ እናያለን፣ እነሱ ቤታቸውን ነቅለው ግመል ላይ ጭነው ሳር ወዳለበት ይሄዳሉ፣ ቤቱ ከሰሌንና ከእንጨት የሚሰራውም ለዚሁ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ቆመው ዳጉ ይለዋወጣሉ፣ የት ዘነበ፣ የት ሳር አለ፣ ማን ታመመ። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም አላውቅም፣ ግን ኋላቀር የምንለው እነሱን ነው።

አዋሽን ደግሞ አስቡት። ከኛው ደጋ ጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ በአቃቂ በኩል የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይቀበላል፣ ቆቃን አልፎ በረሃ ለበረሃ ወደነሱ ይወርድና ባህር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እግራችንን የታጠብንበትን ነው የምንልክላቸው ማለት ነው፣ ከዛ ደግሞ በመስኮት እንስቅባቸዋለን። ኧረ እንፈር!

በቅርቡ በዛው መንገድ ተመልሼ እወርዳለሁ፣ ጀሪካን ልይዝ አስቤያለሁ። ልጁን የማገኘው አይመስለኝም፣ ሳር ተከትለው ሄደው ይሆናል። ሌላ ልጅ ይኖራል። ወይም ዘንቦ ከሆነ፣ ማንም መንገድ ዳር አይወጣም።