ለኮንትራክተር ሲሆን ቅድሚያ ክፍያ፣ ለሸማኔ ሲሆን ምጽዋት?

ሰሞኑን አንድ የቢዝነስ ቶክሾው ላይ የቀረበ "አማካሪ" የትንንሽ አምራቾችን ሥራ በፍትሐዊ ዋጋ ገዝተው የሚሸጡ የፌር ትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ) ድርጅቶች እየሰፉ መምጣታቸውን ሲያጣጥል ሰማሁት። እንዲህ ያለ ድርጅት ሲያድግ ራሱ ደላላ ይሆናል አለ። ለሸማኔ ሥራውን ሳያስረክብ ብር መስጠትም ስንፍና ማስተማር ነው አለ። ጠያቂዋ ራሷን እየነቀነቀች አሳለፈችው፣ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ስንፍና! ሰውየው ሽሮ ሜዳን የሚያውቃት ለበዓል ልብስ ሊገዛ ሄዶ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲከራከር መሆን አለበት። ከዋናው መንገድ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወጡት ቅያሶች ትንሽ ገባ ቢል ኖሮ እዚያችው አንድ ክፍል ቤት ወለል ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውል ሰው ያይ ነበር፣ አልጋው ከኋላው ነው፣ ልጆቹ ከጎኑ ተቀምጠው ነው የሚያጠኑት።

የዚህ ሰው ችግር ሥራ መጥላት ሳይሆን ክር ነው። ድሩም ማጉም ጥለቱ ላይ የሚገባው ባለቀለሙም በብር ነው የሚገዛው፣ ብሩ ደግሞ ነጠላው ካልተሸጠ የለም፣ ስለዚህ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፣ ሲያልቅ ያው ዱቤ የሰጠው ነጋዴ ነው የሚረከበው፣ በስንት? ራሱ ባለው ነዋ! "አይ፣ ሌላ ጋ ወስጄ ልሽጥ" ቢል ነገ ክር የለም። ለፋሲካ ገበያው ሲሞቅ እንኳን የሚሞቀው ለነጋዴው ነው። ዋጋው ሲደፈጠጥ ደግሞ ኪሳራው ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ከጋሞ አካባቢ "ትማራላችሁ" እየተባሉ መጥተው ሽመና ላይ የሚቀመጡት ሕጻናት ጉዳይ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

የዓለም ፌር ትሬድ ድርጅት መርሆ ታዲያ ምን ይላል፣ ለእጅ ሥራ ምርት አምራቹ ከጠየቀ ቢያንስ የትዕዛዙን 50 በመቶ ያለ ወለድ ቀድመህ ክፈል ነው የሚለው። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ብዙ ሰው ፌር ትሬድ ሲባል ፈረንጅ አዝኖ የሚጨምራት ሳንቲም ይመስለዋል፣ ዋጋማ ክሩ የራስህ ሲሆን ነው የምትደራደረው፣ ክሩ የሰውዬው ከሆነ የምን ድርድር አለ? መንግሥት መንገድና ሕንጻ ሲያሠራ እኮ ለኮንትራክተሩ እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሳ! ኮንትራክተሩን ሰነፍ ያለው የለም፣ ይሄ አማካሪም አይለውም፣ ምክንያቱም ነገ ሊያማክረው ይችላል።

ወደ "ካደገ ደላላ ነው" ስንመጣ ደግሞ፣ ድርጅቱ ግማሹን ዛሬ ከፍሎ፣ ዕቃው ተሠርቶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ላይ ከርሞ፣ ገዢው እስኪከፍል ወራት ይቆያል፣ ይሄን ሁሉ የሚችል ካሽ ያለው ትልቅ ድርጅት ነው። ትንሽ ሆኖ ይቅር ማለት ለአስር ሸማኔ ይክፈል፣ የቀረው ነጋዴው ጋ ይለመን ማለት ነው። ቡናውን እዩት፣ የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቋቋም 34 ማህበራት ነበሩት፣ ዛሬ ከ400 በላይ ናቸው። ደላላ ሆነ? በማደጉ እኮ ነው መሃል ላይ ላኪ ሳያስገባ የገበሬውን ቡና ራሱ ውጭ የሚሸጠው፣ ትርፉም ወደ ማህበራቱ ይመለሳል። እስቲ ትርፍ የሚመልስ ደላላ ያየ እጁን ያውጣ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የፌር ትሬድ ድርጅት ትሬይድክራፍትም በ2023 መጀመሪያ ላይ ከስሯል፣ ደላላ ቢሆንማ የአምራቹን ዋጋ ቆርጦ ይድን ነበር።

አንድ ነገር እሰጠዋለሁ፣ ምርቱ ላይ ፈገግ ያለች አምራች እናት ፎቶ እየለጠፉ መሸጡ እኔንም ያስጠላኛል። እሺ፣ ፎቶው ይውረድ፣ 50 በመቶው ይቆይ።

ጭራሽ ማሳረጊያው ላይ "መፍትሄው ባንክ ሄዶ መበደር ነው" ብሎ አረፈው። ኮንትራክተሩ ለቅድሚያ ክፍያው ዋስትና ያቀርባል፣ ልክ ነው፣ ሸማኔው ምን ያቅርብ፣ የቀበሌ ቤቱን? ጉድጓድና መወርወሪያ በማስያዣ የሚቀበል ባንክ ካለ አማካሪው ስሙን ይንገረንና ነገ ጠዋት ይዘናቸው እንሂድ።