በማን ሰዓት?

ሌላ አገር ብንሄድ ኖሮ ለማርፈድ ሰበብ አይጠፋም ነበር። «እኔ እኮ በሀበሻ መስሎኝ!» ብሎ መገላገል አለ። ዛንዚባር ላይ ግን ይቺ ነገር አትሠራም። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ልክ እንደኛው ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላት አንድ ይላሉ፣ ቀጥሎ ሁለት። አስጎብኚያችን ይህን ሲያውቅ ፊቱ በራ። ለቱሪስት ሁሉ ሰዓት ሲተረጉም የኖረ ሰው ነው። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሆቴሉ በር ላይ» አለን። ሰባታችንም «እሺ» አልን።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ የቆመው እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ሁለት ከአሥር ወረድኩ። (ይሄ ማርፈድ አይባልም።) ጉዞውን ያቀደችው፣ ቴሌግራም ላይ ወር ሙሉ «ሰዓት ይከበር!» ስትል የከረመችው ጓደኛችን ፀጉሯን እየተኮሰች ነው። ባሕር ላይ ለሚውል ፀጉር! አንዱ ቁርስ ላይ ነው። ቁርሱ ከአልጋው ጋር ስለተከፈለ ሁሉንም ሳይቀምስ አይነሳም። ሌላው ወርዶ ቻርጀር ረሳሁ ብሎ ወጣ፤ ተመልሶ ወርዶ ደግሞ መነጽር ብሎ ወጣ። የተሟላነው ሁለት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው።

አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ስንደርስ አስጎብኚው ባሕሩ ዳር አቆመን። «እንግሊዞችና ሱልጣኑ የተዋጉት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1896። በ38 ደቂቃ አለቀ። በዓለም አጭሩ ጦርነት ይባላል» አለ። ሲናገር እኔን ያየ መሰለኝ። መርከቦቹ ተኩሰው፣ ቤተ መንግሥቱ ፈራርሶ፣ ሱልጣኑ ጀርመን ቆንስላ ገብቶ ተሸሽጎ ጦርነቱ አልቋል። እኛ በዚያው ደቂቃ መነጽር ፍለጋ ላይ ነበርን።

«በኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለ ቁርስ ወዳዱ።

አሰላን። 1888 ሆኖ አረፈው። «የዓድዋ ዓመት!»

ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ የእኛ ሆነ። አስጎብኚው ጥላ ፈልጎ ቁጭ አለ። ስለ ምኒልክ፣ ስለ ጣይቱ፣ መቀሌ ላይ ስለተያዘው ምንጭ ተነገረው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከጦርነቱ በሁለት ደቂቃ በለጠ።

ፕሪዝን አይላንድ የሄድነው በጀልባ ነው። እስር ቤት ብለው ሠርተውት እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ ለበሽተኛ ማግለያ ያደረጉት ደሴት ነው። የመጀመሪያዎቹ እስረኞች ልንሆን ለጥቂት ተረፍን። ገንዘብ ያዣችን የመዋጮውን ቦርሳ ሆቴል ረስቶት ኖሮ ጀልባ ነጂው «ሳትከፍሉ አንመለስም» አለ። እዚያ ያሉት ግዙፍ ኤሊዎች ዘራቸው እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጣ ነው። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። በዚያ ቀን በሰዓቱ ቦታቸው ላይ የተገኙት እነሱና አስጎብኚው ብቻ ናቸው።

ከሰዓት የቅመም እርሻ ገባን። የዚህ ጉብኝት ወጉ እንዲህ ነው፦ ቅጠል ወይ ልጣጭ ያሸቱህና «ምንድን ነው?» ይሉሃል። ፈረንጁ ይጨነቃል፣ ይገምታል፣ መልሱ ሲነገረው ያጨበጭባል። የእኛን ቡድን ግን ማን ይቻለው! «ቀረፋ!» ልጣጩ ሳይላጥ። «እርድ! ለአልጫ።» «ዝንጅብል! ለጉንፋን።» «ቅርንፉድ! ለሻይ፣ ጥርስ ሲያምም ደግሞ...» ሰውየው ትርዒቱ ተበላሸበት። ፀጉር ተኳሿማ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ታስተምረው ጀመር።

የተበቀለን በመጨረሻ ነው። እሾህ መሳይ ፀጉር የለበሰ ፍሬ ፈለቀቀ፤ ውስጡ ቀይ ነው። «በርበሬ!» አልን በአንድ ድምፅ። ሳቀና የገንዘብ ያዣችንን ከንፈር ቀባው። እስከ ማታ አለቀቀም።

ስንወጣ መርካቶ በየሱቁ የሞላውን ቅርንፉድ በዶላር ገዛን። እኔም ለእናቴ። ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ፦ «ይሄማ ቤት አለ።»

ማታ ፎሮዳኒ፣ ባሕሩ ዳር ያለው የምግብ ገበያ። ወቅቱ ፍልሰታ ነው፣ አንዱ ጓደኛችን ጿሚ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከአዲስ አበባ አብሮን መጥቶ ኖሮ እዚያ ኦክቶፐስ ተጨመረበት። «ዓሣ ነው እንዴ እሱ?» ምሁራኑ ለሁለት ተከፈሉ። ጿሚው ሰልችቶት የዛንዚባር ፒዛ አዘዘ። እንቁላሉ ይውጣ አለ። ሥጋው ይውጣ። ማዮኔዙም። የቀረው ቂጣ ነው። ዛንዚባር ድረስ በአውሮፕላን መጥቶ ቂጣ በላ።

ሒሳቡ ሲመጣ ሽልንጉ ወደ ዶላር፣ ዶላሩ ወደ ብር ተመታ። «በባንክ ነው በጥቁር ገበያ?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ለአዲስ አበባ ቀጠሮ ተያዘለት።

ተኝተን ሳለ ቴሌግራሙ ጮኸ። አስጎብኚው ነው። «ነገ አንድ ሰዓት፣ ዶልፊን ለማየት።»

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ጻፈ መነጽር ረሺው።

«አንድ ነው ተባለ እኮ!» መለሰች አቃጇ።

«እሺ፣ ሁለት ተኩል ላይ እንገናኝ።»

ሁላችንም ላይክ አደረግን።