ይድረስ ለክቡር ሞንታርቦ፦ ሰልፉ የውሃ ነበር

ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.
ቁጥር፦ እንደ ውሃው፣ የለም
ጉዳዩ፦ ምስሌን ከድጋፍ ሰልፍ ወደ ውሃ ሰልፍ ስለማስመለስ

ክቡር ሆይ፣

ከፒክአፕ ጣሪያ ላይ በገመድ ታስረው፣ አፍዎን ወደ ሰው መስኮት አዙረው፣ በዚህ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሞን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከተማችንን ጎንደርን ስለሚያገለግሉ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የየትኛው ፓርቲ ሞንታርቦ እንደሆኑ በዚህ ደብዳቤ አልጽፍም። አንደኛ፣ የሁላችሁም ድምፅ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ የመታወቂያ እድሳት ማመልከቻዬ ገና ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንባቢ ይረዳኛል።

ረቡዕ ዕለት የሆነውን ላስታውስዎ። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት ይሆናል፤ እኔን ግን አማቴ ከአዘዞ በቀን ሁለት ጊዜ እየደወሉ ያስታውሱኛል።

ከቁስቋም ወረድ ብሎ ካለው ቦኖ ውሃ ይመጣል የተባለው ማክሰኞ ማታ ነው። ማን እንዳለ አይጠየቅም፤ የዚህ ዓይነት ወሬ ባለቤት የለውም፣ ሰው ሁሉ ግን ያምነዋል። የቤታችን ቧንቧ ከነጠፈ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ስደርስ ሰልፉ ጥምዝምዝ ብሎ መንገዱን ይዟል፤ ግማሹ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ ግማሹ በገመድ የተያያዘ ጀሪካን፣ የቀረው “ይቺ የእኔ ናት” ተብላ የተቀመጠች ድንጋይ። (ድንጋይ እኛ ከተማ ከፋሲል ጀምሮ ክብር አላት።) ከፊቴ የነበሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ፣ ከነባለቤቶቻቸው ለይቼ ልነግርዎ እችላለሁ።

ውሃው 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ አፏጨ፣ ቀጥሎ ሳለ፣ ከዚያ ቀይ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ጎንደር ኖሬያለሁ ባይል ደስ ይለኛል። 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ከፊቴ የቀሩት አንዲት ባልቴት ብቻ ነበሩ። ጀሪካናቸው ከቧንቧው ሥር ገብቷል። እኔም ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጣለሁ፤ ጀሪካን መሙላቱ በዓይን ሳይሆን በድምፅ ነው የሚታወቀው፣ ወፍራሙ ጉርጉርታ እየቀጠነ ሲሄድ። ገና አልቀጠነም ነበር እርስዎ ሲመጡ።

መጀመሪያ የደረሰን ዘፈንዎ ነው። እናቲቱ ቀና ብለው፣ “ልጄ፣ ቦቴ ነው እንዴ? ውሃ ጭኗል?” አሉኝ።

“አይ እማማ፣ የጫነውስ ቃል ነው” አልኋቸው።

ፒክአፑ ሰልፉን ለሁለት ሰንጥቆ ቆመ። ከኋላው ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ ዘሎ ወረደ፤ በአንድ እጁ ማይክ፣ በሌላው ስልክ የተሰካበት ዘንግ። መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰለዎ? ወደ ቦኖ ጠባቂዋ ዞሮ፣ “እህቴ፣ አንድ ጊዜ ዝጊልን፤ የውሃው ድምፅ ቀረጻውን እየረበሸው ነው” አላት።

ልድገመው፤ በራስዎ ጩኸት የተነሣ አልሰሙት ይሆናል። የውሃው ድምፅ ሞንታርቦውን ረበሸው።

ተዘጋ። ጎረምሳውም ስለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ መናገር ጀመረ። የመገጭ ግድብን ስም ጠራ፣ የአንገረብ ግድብን ስም ጠራ፣ ከዚያ ጭብጨባ ለመቀበል ዝም አለ። እኛ የምናየው ቧንቧውን ነበር። “ዝግጁ ናችሁ ወይ?” አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ዝግጁ ነበርን። ጥፋቱን የሠራሁት ይኼን ጊዜ ነው። ጀሪካኔን ቁልቁል ደፍቼ ከአናቴ በላይ አነሣሁና “ባዶ ነው! ባዶ ነው እኮ!” ብዬ ጮኽሁ። ከኋላዬ ያሉትም የየራሳቸውን አነሡ፤ ሠላሳ አርባ ቢጫ ጀሪካን አየር ላይ ወጣ። የልጁ ፊት በራ። ዘንጉን አስጠጋልኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ አሁን ተሰማልኝ ብዬ፣ አንገቴን ገትሬ ደገምሁለት።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ሄዳችሁ። ስትሄዱ ቲሸርት ተወረወረልን፤ እኔ የደረሰኝ የአሥር ዓመት ልጅ ልክ ነው። ጠባቂዋ ቧንቧውን ከፈተችው። አፏጨ። ሳለ። አለቀ።

ማታ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። “ታየህ እኮ! መቼ ነው የገባኸው?” አለኝ። ወዴት እንደገባሁ ሳላውቅ ሊንኩን ላከልኝ። “የቁስቋም አካባቢ ነዋሪዎች በነቂስ ወጥተው ድጋፋቸውን ገለጹ” ይላል። መሐል ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ፤ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተከፍቷል፣ ጀሪካኔ ሰማይ ነክቷል። ድምፄ የለም። በእሱ ፋንታ የእርስዎ ዘፈን ገብቶበታል። እውነቱን ልንገርዎ? ያምራል። እኔ ራሴ ባላውቀኝ ኖሮ አምነው ነበር። አማርኛችንም ተባባሪዎ ሆኗል፤ ለውሃ የቆመውም ሰልፍ፣ ለድጋፍ የወጣውም ሰልፍ። ክስ ልመሥርት ብል በየትኛው ቃል?

ሐሙስ ፀጉር ቤት ስገባ ጨዋታው ቆመ። አንዱ በመስተዋቱ ውስጥ እያየኝ “ስንት ከፈሉህ?” አለ። ጎኑ ያለው “ተወው፣ ቢያንስ ውሃ ቀድተውለት ይሆናል” አለው። የሌላኛው ወገን ደጋፊ የሆነው ጎረቤቴ፣ 15 ዓመት ቡና አብሬው የጠጣሁት፣ ልጁን ልኮ ያዋሰኝን መጥረቢያ አስመለሰ። የዚኸኛው ወገን ደጋፊ ደግሞ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝና “ድሮም አንተ የእኛ ነህ” አለኝ። የትኛው እንደከፋኝ እስካሁን አልወሰንሁም። አማቴ “ፖለቲከኛ መሆንህን ባውቅ ልጄን አልሰጥህም ነበር” ብለዋል፤ ከሰጡኝ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስቴ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኩን መልሳልኝ፣ “እሺ፣ ውሃውስ?” አለች።

እንግዲህ “እርስዎ” ማለት እዚህ ላይ አቃተኝ።

እኒያ እናት ቤታቸው በሽተኛ ተኝቶባቸዋል። ውሃው እሱን የሚያጥቡበት ነበር። ጀሪካናቸው ግማሽ ላይ ተዘጋ። ያንን ግማሽ በገመድ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ውሃው እየተንቦጫረቀ ወዲያ ወዲህ እያንገዳገዳቸው ዳገቱን ሲወጡ ቆሜ አየሁ። ማን ነው ሌላውን ግማሽ የወሰደው? ስለ ውሃ ልታወራ ውሃ ታስዘጋለህ? አንተ ቆርቆሮ! አንገረብ በደለል መሞላቱን፣ የከተማው ሰው ግድቡ ከሚችለው በላይ መብዛቱን ሕፃን ያውቀዋል። መገጭ ከ2007ቱ ምርጫ በፊት ተጀምሮ ሌላ ምርጫ ደረሰበት፤ ይህንንም ችለን ተቀምጠናል። አታምጣ። ቃልም አትግባልን። ግን በዘጠኝ ቀን አንዴ ጠብ ስትል እጅህን አትስደድባት! ደግሞስ “ባዶ ነው” ብሎ የጮኸን ሰው አፉን ይዘህ ያጨበጨበ ማስመሰል ምን የሚሉት ነውር ነው? ጥማችንን ተወው፤ ጩኸታችን እንኳ የእኛ አይሁን?

ይቅርታ፣ ክቡር ሞንታርቦ። ወደ ደንቡ ልመለስ።

የቆዩት ቅሬታዎቼ አጫጭር ናቸው። አምና በኮሮናው ጊዜ “እጃችሁን በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ” እያሉ በየሰፈሩ የዞሩት እርስዎ ነበሩ። ሳሙናውን ገዝተን ነበር።

በ97ቱ ምርጫ ሰው ተሰልፎ እስከ ሌሊት ድምፅ ሲሰጥ እርስዎን የሰማ አላስታውስም፤ ክርክሩን በቴሌቪዥን አይተን ነበር የወጣነው። በ2007 ደግሞ 547ቱም የፓርላማ መቀመጫ ለገዢው ፓርቲና ለአጋሮቹ ሲሆን፣ እርስዎ ያን ያህል ጉሮሮዎን ያቆሰሉት ማንን ለማሳመን ነበር?

የምርጫው ቀንም አልጨበጥ አለን። ነሐሴ ተባለ፣ ግንቦት 28 ተባለ፣ አሁን ሰኔ 14 ላይ ቆሟል። ሰኔ 14 ሰኞ የሐዋርያት ጾም መያዣ ነው። እነሱ ሊሾሙ እኛ ልንጾም በአንድ ቀን ተቀጣጠርን።

የዕጩዎቹ ነገር ግን ትንሽ ያቆየኛል። በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛው ሞንታርቦ “የእነሱ ዕጩ የጎንደር ልጅ አይደለም” አለ። በማግሥቱ ሌላኛው “የእናንተው ነው እንጂ፣ ሳሙና በር የት እንደሆነ የባጃጅ ሾፌር ጠይቋል” ብሎ መለሰ። ከዚያ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት ወጡ። ማክሰኞ ፒያሳ ላይ ሁለቱ መኪኖች ግንባር ለግንባር ተገናኝተው ማን ያሳልፍ በሚል ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ዘፈናቸውን ከፍ አደረጉ፣ መሐላቸው እንጨት የጫነች አህያ ነበረች፣ ቀድማ ያለፈችው እሷ ናት። ሰሞኑን ደግሞ ክሱ “ፖስተራችንን ቀደዱ” ሆኗል። ፖስተሩ የተለጠፈው በዱቄት ሙጫ ነው፤ ዱቄት በዚህ ዋጋ ግድግዳ ላይ ተለድፎ ስታገኝ ፍየል ምን ታድርግ? ስትግጠው በዓይናችን አይተናል። ሆኖም ፍየሏ የማን ደጋፊ ቤት እንደምታድር ሲጣራ ሁለት ቀን ፈጀ።

የሁለቱም ዕጩዎች ቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፤ ካላመኑ ቀና ብለው ይዩ፣ እርስዎ ከፍታው አለዎት። ስለዚህ የማን አያት የት እንደተቀበሩ ከምንከራከር፣ 20 ሊትሩን ይሸከሙና ከቦኖው ዳገቱን ይውጡ። እጅ የሚቀያይርበት ቦታ የት እንደሆነ ያወቀ፣ ጫማው ሳይረጥብ የደረሰ፣ እሱ የጎንደር ልጅ ነው። ፋሲል ራሱ ተወልዶ ያደገው እዚህ አልነበረም። በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁርም ሞንታርቦ አልያዘም፤ መዋኛው ግን ዛሬም ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ እየተሳበ ይሞላል።

ድምፄን እሰጣለሁ፣ አይስጉ። ካርዴን ያወጣሁት ተሰልፌ ነው (ያንን ደግሞ የምን ሰልፍ ብላችሁ ትለቁት ይሆን)። አንዱን ወረቀት ለፌዴራሉ፣ አንዱን ለክልሉ ምክር ቤት ከትቼ ጣቴን እቀባለሁ። ቀለሙ በውሃ አይለቅም ይላሉ፤ ለእኛ ታስቦ የተሠራ ቀለም ነው።

ልመናዬ ይኸው ነው። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉትን 4 ቀናት ሕጉ የጥሞና ጊዜ ብሎ ቅስቀሳ ይከለክላል። እነዚያን 4 ቀናት እባክዎን ሳይሰርቁ ይስጡኝ። እኛ ቤት ማታ ቧንቧ አይዘጋም፤ ሥሩ የብረት ባልዲ አስቀምጠን እንተኛለን፣ ውሃ ከመጣ ጠብታው እንዲቀሰቅሰን። ባለፈው እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መጥቶ እንደነበር ጎረቤት ነገረን። በዚያ ሰዓት እኛ የሰማነው እርስዎን ነው። ዘጠኝ ቀን ያልሁዎት ሦስት ይሆን ነበር።

ቲሸርቱን አልጣልሁትም። መክደኛው የጠፋው ጀሪካኔ አፍ ላይ ውታፍ አድርጌዋለሁ። ልኩ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
በቪዲዮው መሐል አፉን የከፈተው ሰውዬ

ግልባጭ፦
ለአማቴ፣ አዘዞ
ለፀጉር ቤቱ
ለፍየሏ፣ ባለችበት